ቋሚ ቅጥር ወይስ ማኅበር?

ሐዋሳ ላይ የመንግሥት ቢሮ እያጸዱ በኤጀንሲ የሚከፈላቸው እህቶቻችን ሁለት መንገድ አላቸው።

አንዱ «መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይቅጠረን» ማለት ነው። ኤጀንሲው መሃል ላይ የሚቆርጠው ይቀራል። ግን መደብና በጀት ይጠይቃል፤ እስከዚያ ደጅ መጥናት ነው።

ሌላው ኤጀንሲው ውስጥ መደራጀት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቢያንስ 10 አባላት ካሉ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ደመወዝ መደራደር ይቻላል። በማኅበር አባልነት ማባረርም ክልክል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ እነሱ ግን የኤጀንሲው ተቀጣሪ ስለሆኑ ይሸፈናሉ። ችግሩ፣ ኤጀንሲው «መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠኝ ይህችኑ ነው» ሊል ይችላል። የጽዳቱን ጨረታ ሌላ ኤጀንሲ ካሸነፈ ደግሞ ያው መጥረጊያ፣ ያው ኮሪደር፣ አዲስ ውል!

እኔ ማኅበሩ ይቅደም ባይ ነኝ። ቋሚ ቅጥሩንም ቢሆን ተደራጅተው ቢጠይቁ ይሻላል። የጨረታው ሰነድ ላይ የሠራተኛዋ ደመወዝ በግልጽ ይጻፍ ብለውም ይጠይቁ።