የሐሞት ቱቦውን እስከ ጫፉ ለሚከተሉ የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች

ይህ ምስጋና ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ «ጉበቱ ደህና ነው» ብለው በችኮላ ለማያሰናብቱ የአልትራሳውንድ ባለሙያዎች ነው። የወፍ በሽታ ሲባል ሁሉም ጉበትን ያስባል። ያለ ሕመም ቀስ እያለ የሚበረታ ቢጫነት ግን፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ የቆሽት ራስ ወይም የሐሞት ቱቦ ካንሰር አለመሆኑ መጣራት አለበት።

ሽንቱ እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራው ይነጣል፣ ቆዳው ያሳክካል፤ ሐሞቱ ወደ አንጀት መውረጃ አጥቶ ወደ ደም ተመልሷል ማለት ነው። (መዳፉ ቢጫ ሆኖ የዓይኑ ነጭ ካልተነካ፣ ካሮት ማብዛት ሊሆን ይችላል።)

ጎበዝ ባለሙያ ገና ሳይጀምር «ምግብ ከበላህ 6 ሰዓት አለፈህ?» ይላል፤ ከተበላ የሐሞት ከረጢቱ ስለሚኮማተር በደንብ አይታይም። ከዚያ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ይለካል፤ ከ7 ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ የተዘጋበትን ቦታ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። የቱቦው ጫፍ በቆሽት ራስ ውስጥ ያልፋል፣ የአንጀት አየር ደግሞ ይጋርደዋል። ሰነፉ «በጋዝ ምክንያት አልታየም» ብሎ ይፈርማል። ጎበዙ በጎን ያስተኛል፣ ቁጭ ያደርጋል፣ ውሃ ያጠጣል፣ ደግሞ ያያል። እምቢ ካለውም ቱቦው መስፋቱን፣ ከረጢቱ መወጠሩን ጽፎ የቆሽት ሲቲ ስካን እንዲደረግ ያሳስባል። ቱቦው ሰፍቶ የዘጋው የሐሞት ጠጠር ካልተገኘ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው።

ሲቲው ስቴንት (የተዘጋውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከመግባቱ በፊት ቢነሳ ይመረጣል፤ ስቴንቱና የሚያስከትለው እብጠት የዕጢውን ዳርቻ ያደበዝዛሉ። ሲኤ 19-9 የሚባለው የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ ብቻውን አያሳምንም፤ ቱቦ ሲዘጋ ካንሰር ባይኖርም ከፍ ይላል፣ ጨርሶ የማያመነጩትም ሰዎች አሉ። የደም መርጋት ምርመራም አይዘለል። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ በደንብ አይመጠጥም፤ ሳይታወቅ መርፌ ወይም ቢላ ከገባ ደም አልቆም ይላል።

ምርመራ የምትፈልጉ ሰዎች ባለሙያ ስትመርጡ ሪፖርቱን ተመልከቱ። የቱቦው ስፋት በሚሊሜትር ካልተጻፈ፣ ስለ ቆሽት ራስም «ታይቷል» ወይም «አልታየም» ካላለ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ቢጫነቱ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ከታከለ ግን የተዘጋው ቱቦ ሳይመረቅዝ አልቀረምና ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቡ።