መሐል ሜዳ ላይ የአባቴን ፎቶ ያሳደግሁበት ፎቶ ቤት

በጥር 2015 ዓ.ም. ለአባቴ ሙት ዓመት ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስሄድ፣ ድግሱ በእኅቶቼ እጅ ስለነበር ለእኔ የተተወልኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ አባቴ በ1970ዎቹ ለገበሬ ማኅበር መታወቂያ የተነሣውን ብቸኛ ጉርድ ፎቶ አሳድጌ፣ ፍሬም አስገብቼ ለዕለቱ ማድረስ። አሥራ ሁለት ቀን ነበረኝ። በምኖርበት አገር ይህን የመሰለ ሥራ ፋርማሲ ውስጥ ባለ ማሽን፣ ሰው መድኃኒቱን ተቀብሎ እስኪወጣ ድረስ ስለሚያልቅ፣ ጊዜው የተትረፈረፈ መስሎኝ ነበር።

ዋናው መንገድ ላይ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ኅትመቱን በኤ3 መጠን፣ ፍሬምና መስታወቱን ጨምሮ፣ በ850 ብር በሦስት ቀን ሊያደርስልኝ ተስማማና ግማሹን ቀብድ ተቀበለኝ። ወጣቱ ባለሙያ ጉርዱን ገልብጦ የትዕዛዝ ቁጥሩን በጀርባው ላይ በእስክሪፕቶ ጫን አድርጎ ሲጽፍበት፣ «ኧረ ቀስ» ለማለት እንኳ አልደረስሁም። ዛሬ ፎቶው ወደ ብርሃን ዘንበል ሲል በአባቴ ግንባር ላይ 47 የሚል ቁጥር ተገልብጦ ይታያል።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ መብራት አልነበረም፤ በዚህ አልወቅሰውም። በአምስተኛው ቀን ግን በኤ3 የሚያትም ማሽን እንደሌለው፣ ፎቶውንም በአውቶቡስ ረዳት እጅ ደብረ ብርሃን እንደላከው ነገረኝ። እኔ ራሴ ስመጣ በደብረ ብርሃን አልፌ፣ እዚያው ምሳዬን በልቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይህን ቢነግረኝ ኖሮ በማግስቱ ራሴ ደርሼ በመጣሁ፣ ያ አንድ ፎቶም የማላውቀው ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ የጣርማበርን መንገድ ባልተመላለሰ ነበር። በሰባተኛው ቀን «አውቶቡሱ ተበላሽቷል» ተባልሁ፤ በስምንተኛው ቀን ሱቁ ዝግ ነበር፤ ስልኩም አይነሣም።

በዘጠነኛው ቀን ፎቶው መጣ። ወርቃማ የፕላስቲክ ፍሬም ውስጥ፣ ከኋላው ፏፏቴ የሚወርድበት፣ ጥቁር ሱፍና ቀይ ከረቫት ያደረገ ሰው ተቀምጧል። ፊቱ የአባቴ ነው፤ አንገቱ ግን የሌላ ሰው ነው። በጉርዱ ላይ አባቴ የለበሰው እናቴ የበግ ፀጉር ፈትላ ያሠራችለትን በርኖስ ነበር። (እውነተኛውን ሱፍ አውልቀው በስም ብቻ ሱፍ የሚባለውን አለበሱት ማለት ነው።) ማን እንዳዘዘው ስጠይቅ፣ ወጣቱ ቅር ሳይለው፣ «ጋሼ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያሠራው፤ በበርኖስማ አያምርም» አለኝ። ሂሳቡም 2,600 ብር ሆኖ ጠበቀኝ፦ የኤዲት፣ የመደብ ለውጥ፣ የትራንስፖርት፣ በዚያ ላይ የአስቸኳይ። ዘጠኝ ቀን የቆየ ሥራ እንዴት አስቸኳይ እንደሚባል እስካሁን አልገባኝም። በማግስቱ የእኅቴ ልጅ ገብቶ ሱፍና ፏፏቴ ያለበትን ያንኑ ሥራ ዋጋ ሲጠይቅ 900 ብር ተብሏል። ጉርዱን ሳልከፍል ስለማያስረክበኝ ከፈልሁ።

ቤት ወስጄ ለእናቴ ሳሳያት ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና፣ «በርኖሱን ማን ወሰደበት?» አለች።

የታደገችን በመናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ልጅ ናት። ጉርዱን በጥሩ ስካነር በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ማለት ነው) አንሥታ፣ ልብሱንም መደቡንም ሳትነካ፣ በኤ4 የፎቶ ወረቀት አትማ 80 ብር ብቻ ተቀበለችኝ። ኤ3 እንድታደርገው ስለምናት እንደሚደበዝዝ አስረዳችኝ፤ ልክ ነበረች። ሦስት በአራት ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ በ300 ዲፒአይ ሲነበብ የሚሰጠው 354 በ472 ነጥብ ብቻ ነው፤ በ1200 እንኳ ከ1417 በ1890 አያልፍም። ፍሬሙን አንድ ሽማግሌ አናጺ ከጽድ እንጨት በአንድ ቀን ሠሩልኝ። በመስታወቱና በፎቶው መካከል በአራቱም ጠርዝ ቀጭን የእንጨት ዘንግ አስገቡበት፤ ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «የመንዝ ጉም ፎቶን ከመስታወት ያጋባል፤ ከተጋባ በኋላ አይፋታም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የድሮ ፎቶ ገጽ ጄላቲን ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይለሰልስና ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል፤ እንዲህ የሆነ ፎቶ ያላችሁም ከመላጥ ይልቅ ከነመስታወቱ ስካን አስደርጉት። ለፍሬሙ የጠየቁኝ 350 ብር ነበር፤ የጨመርሁላቸውን ሃምሳ ብር ለመቀበል እንኳ ብዙ ተግደረደሩ።

ለተመሳሳይ ጉዳይ የምትሄዱ ሁሉ ዋናውን ፎቶ ለማንም አትስጡ፤ ስካን አስደርጋችሁ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የት እንደሚታተም ጠይቁ፤ ደረሰኙም ላይ «ልብሱ አይነካ» ብላችሁ አስጽፉ።

በሙት ዓመቱ ዕለት በርኖስ የለበሰው አባቴ በጽድ ፍሬሙ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ሱፍ የለበሰውን ከወርቃማው ፍሬም አውጥቼ፣ ጠቅልዬ፣ በሻንጣዬ ይዤው ተመለስሁ፤ ፊቱ የአባቴ ነውና መጣል አልሆነልኝም።