ዘጠኝ ወር ከባለ ሻማው የውሃ ማጣሪያ ጋር፣ ድሬዳዋ ላይ

ድሬ የኖረ ሰው ውሃዋን ያውቃታል። ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት፣ የሻይ ብርጭቆ ላይ ስስ ሽፋን፣ ቢያሹት ቢያሹት አረፋ እምቢ የሚል ሳሙና። የከተማው ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ የሳቢያን ጉድጓዶችን የማያውቅ የለም። ከሥር ያለው ድንጋይ ደግሞ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። በጣልያን ጊዜ የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራበትን ድንጋይ እኛ በሻይ እንጠጣዋለን።

ማጣሪያውን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። ሁለት ባልዲ ተደራርበው፣ ላይኛው ውስጥ ውሃው ሰርጎ የሚጣራባቸው፣ ሻማ የሚመስሉ ሁለት ሸክላዎች («ሻማ» ይሏቸዋል)፣ ታችኛው ላይ ትንሽ ቧንቧ። ሻጩ «ኖራውን ድራሹን ያጠፋዋል» አለኝ። አመንኩት። ዋጋውን አልጽፍም፤ ጽሑፉን ሳልጨርስ ሊቀየር ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይሉ ነበር። ማታ እሞላለሁ፣ ጠዋት ታችኛው ባልዲ ሙሉ ነው። በፈረቃ ጠፍቶ የሚመጣው ቡናማ ውሃ ጥርት ብሎ ሲወርድ ማየት በራሱ ያረካል። ችግሩ ያንኑ ጥርት ያለ ውሃ ሳፈላው ነው። ድስቱ ሥር ያው ነጭ ዱቄት፣ ሻዩ ላይ ያው ሽፋን።

የአጎቴ ልጅ እስክሪብቶ የሚመስል፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነበረው። ከቧንቧ የቀዳነውንና የተጣራውን ለካን። ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም። ሳቀብኝ። «ሻይ በጨርቅ ብታጠዪ ስኳሩ ይቀራል እንዴ?» አለኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ኖራ የሚሆኑብን ካልሺየምና ማግኒዚየም ውሃው ውስጥ እንደ ስኳሩ ሟሙተዋል። የሸክላው ቀዳዳ ጭቃን፣ ዝገትንና አብዛኛውን ባክቴሪያ ይይዛል፤ የሟሟውን ግን አሳልፎ ይለቃል። ማጣሪያው አላጭበረበረኝም፤ ያጭበረበረኝ ሻጩ ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ፍጥነቱ ወረደ። ሌሊቱን አድሮ ግማሽ ባልዲ። ሻማውን አውጥቼ በለስላሳ ብሩሽ ሳሸው ቡናማ ሊጥ የሚመስል ነገር ወረደ፣ ከሥሩ ነጩ ሸክላ ወጣ። በሳሙና አይታጠብም፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣዋል። አሁን በየሁለት ሳምንቱ አሸዋለሁ። በታሸ ቁጥር ግን ይሳሳል።

አራተኛው ወር ላይ ደግሞ የራሴ ጥፋት። ቸኩዬ ገና ትኩስ የሆነ የፈላ ውሃ ላዩ ላይ ገለበጥኩበት። በማግስቱ ውሃው እንደ ጉድ መውረድ ጀመረ፤ «ተሻለው!» ብዬ ደስ አለኝ። ሳምንት ሙሉ በደስታ ጠጣን። ለማጠብ ሳወጣው አንዱ ሻማ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። ለካ ውሃው ሳይጣራ ነው ሲወርድ የከረመው። ማጣሪያችሁ በድንገት ከፈጠነ አትደሰቱ፣ ሻማውን አውጥታችሁ እዩት።

ቧንቧዋም አስቸግራለች። አፏ ላይ ኖራ ጋግሮ አልዘጋ አለች፤ ሌሊቱን ስታንጠባጥብ አድራ ጠዋት ወለሉ ኩሬ ሆኖ ጠበቀኝ። ፈትቼ የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ዘፈዘፍኳት። ችስስስ ብላ አረፋ አወጣች፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አዲስ መሰለች። ኮምጣጤም ይሠራል፣ ግን ድሬ ተቀምጦ ሎሚ ማን ያጣል።

የኖራውን መላ ያገኘሁት ከጎረቤታችን ነው። «አንቺ ልጅ፣ ገንዘብሽን ከምትበትኚ አፍልተሽ አሳድሪው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ውሃ ሲፈላ የኖራው አንድ ክፍል ከውሃው ተለይቶ ይወጣና ሥር ይዘቅጣል። ሁሉም አይወጣም፤ ሰልፌት ከሚባለው ጨው ጋር የተያያዘው በማፍላት አይለቅም። ማታ አፈላለሁ፣ ጠዋት ላይ ላዩን ቀድቼ ማጣሪያው ውስጥ እጨምራለሁ። ቀዝቅዞ! ሻዩ ላይ ያለው ሽፋን ቀንሷል። ቡናው ላይ ለውጡ የበለጠ ይታወቃል። ለልብስና ለፀጉር ግን ማን ያን ሁሉ ውሃ ያፈላል? ፀጉሬ አሁንም ቃጫ ነው።

«ኩላሊት ላይ ጠጠር ይሆናል» እያሉ የሚያስፈራሩኝ ብዙ ናቸው። በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ ኖራ ያለው ውሃ በጣም ጠንካራ ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለዚህ ጥንካሬ ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላወጣም። እኔን የሚያናድደኝ ጀበናዬ ነው።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ለቡናማው ውሃና ለጀርሙ ስል፣ አዎ። ለኖራው ብሎ የሚገዛ ግን ብሩን ይያዝ። መለዋወጫ ሻማ እዚህ ፈልጌ አጣሁ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አደራ እላለሁ። እስካሁን ሁለት መጥቶልኛል፤ አንዱም አልገጠመም።