የመምህራን የበርንአውት ስልጠና፦ ጥሩ ነው፣ ግን አለቆቹም ይቀመጡ

ትምህርት ቤታችን አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ድርጅት ቀጥሮ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስለ መምህራን የስሜት መዛል (በርንአውት) አሰልጥኖን ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ተመሳሳይ ስልጠና የሚገዛ ትምህርት ቤት ግን ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው ብዬ ነው የምጽፈው።

አሰልጣኟ ጎበዝ ናት። ስላይድ እያነበበች አላሰለቸችንም። ጠዋት እንደተቀመጥን ማስላክና ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ባለ 22 ጥያቄ መለኪያ፣ ለመምህራን የተዘጋጀውን ቅጂ፣ ስም ሳንጽፍ አስሞላችን። ቅጹ ስሜትህ ምን ያህል እንደተሟጠጠ፣ ለተማሪዎችህ ግድ ማጣት ጀምረህ እንደሆነና ሥራዬ ለውጥ ያመጣል ብለህ ታምን እንደሆነ ይጠይቃል። ብዙዎቻችንን የነካን ሁለተኛው ነው። አንዲት የ2ኛ ክፍል መምህርት «ድሮ ልጅ ሲያለቅስ አብሬው ነበር ሆዴ የሚባባው፤ አሁን ቶሎ ዝም እንዲልልኝ ብቻ ነው የምፈልገው» አለች። ይህን ስታፍ ሩም ውስጥ ማንም አውርቶት አያውቅም።

ቀጥሎ አርሊ ሆክሺልድ የተባለችው ሶሲዮሎጂስት በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ አውሮፕላን አስተናጋጆች ያለችውን አነሳች፦ ደክሞህም ተናደህም ፊትህን አስተካክለህ ሰው ማስተናገድ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለእኛ ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ልጅ ታያለህ፣ ወላጆቹ ስለተጣሉ ድንገት የተቀየረውን ታያለህ፣ ከጦርነት ተፈናቅላ መጥታ በር በኃይል ሲዘጋ የምትደነግጠውን ታያለህ፣ ሁሉንም አባብለህ ሳትጨርስ ደወል ይደወልና ወደሚቀጥለው ክፍል ፈገግ ብለህ ትገባለህ። ይህ የትኛውም ፕሮግራም ላይ አልተጻፈም። ማታ ደግሞ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለ።

ከሁሉ የጠቀመኝ በማርክ ተናዶ የመጣ ወላጅን የማስተናገድ ልምምዱ ነው። አንዳችን ወላጅ፣ አንዳችን መምህር ሆነን ሠራነው። «ስለ ልጅዎ መጨነቅዎ ገብቶኛል፣ ነገ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ ብለን እንየው» ማለትን ተማርኩ፤ አሁንም እጠቀምበታለሁ፣ ይሠራልም።

ከምሳ በኋላ ግን ነገሩ ላላ። የአተነፋፈስ ልምምድ መጣ፣ ከዚያ «ማታ ስልክ አታንሱ፣ እንቢ ማለትን ተለማመዱ» የሚል ምክር። አንድ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የፊዚክስ መምህር እጃቸውን አወጡ። «እሺ ልጄ፣ ስልኬን ዘጋሁ እንበል። ጠዋት ርእሰ መምህሩ ለምን አላነሳህም ሲለኝ አንቺ ትመጪልኛለሽ?» አሏት። እሷም በቅንነት «አለቆቹም አብረው ቢቀመጡ ጥሩ ነበር፣ ውሉ ላይ ግን የለም» ብላ መለሰች። ርእሰ መምህሩ መክፈቻ ንግግር አድርጎ ሄዷል።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በርንአውትን ሲገልጽ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነው ብሏል፤ ይህን የነገረችን ራሷ አሰልጣኟ ናት። ምንጩ ሥራው ከሆነ መድኃኒቱ ሁሉ ለምን በመምህሩ ትከሻ ላይ ይወድቃል? በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለው የአንደኛ ደረጃ መስፈርት ስንት ቦታ እንደሚጣስ ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ጣት መጀመሪያ የተቀሰረው ወደ መምህሩ ነበር። ይህን በረጅሙ በመተንፈስ አታወጣውም።

ሌላም አለ። በግል ማማከር የሚፈልግ በርእሰ መምህሩ ጸሐፊ በኩል ይመዝገብ ተባልን። መዛሉን አለቃው እንዲያውቅበት የሚፈልግ መምህር የለም፤ እኔ እስከማውቀው የተመዘገበም የለም። ቅዳሜ መሆኑም ይቆጨኛል፤ ደሞዙ ስለማይበቃው ቅዳሜ ቤት ለቤት የሚያስጠና ባልደረባዬ የዕለት ገቢውን ትቶ ነው የመጣው።

ስልጠናውን ግን አትግዙ አልልም። የጠዋቱ ክፍል ብቻውን ይበቃል። ስትዋዋሉ ከሰዓቱን ለርእሰ መምህሩ፣ ለዩኒት ሊደሮችና ለሱፐርቫይዘሩ አድርጉት፣ በሥራ ቀን ይሁን፣ የማማከሩን ቀጠሮ መምህሩ ራሱ በቀጥታ ለድርጅቱ ደውሎ ይያዝ።