ስምንት ወር ከደብሊው ደብሊው ኢ 2ኬ24 ጋር፦ መሸነፍ የተማርንበት ጨዋታ

ደብሊው ደብሊው ኢ 2ኬ24ን፣ አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበትን የአሜሪካ የትግል ትርኢት ቪዲዮ ጌም፣ የገዛሁት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 በወጣ በሳምንቱ ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 5፣ በ70 ዶላር። ሜሪላንድ ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር ስምንት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንጫወተው ቆይተናል። እሱ 13 ዓመቱ ነው። እኔ አዲስ አበባ በሰፈር ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ታጋዩን አንደርቴከርን እያየሁ፣ «እውነት ነው» «ድራማ ነው» እየተባባልን ስንከራከር ያደግሁ ሰው ነኝ።

ጨዋታውን በገዛሁ በወሩ ፊላደልፊያ ሄድኩ። ኤፕሪል 7፣ ሊንከን ፋይናንሻል ፊልድ ስታዲየም፣ የ40ኛው ሬስልማኒያ (የደብሊው ደብሊው ኢ ትልቁ ዓመታዊ ትርኢት) ሁለተኛ ምሽት፤ ኮዲ ሮድስ የሮማን ሬይንስን 1,316 ቀን የዘለቀ ሻምፒዮንነት ያበቃበት። ወንበሬ ከመድረኩ በጣም ሩቅ ስለነበር ተፋላሚዎቹ የጥፍር ያህል ነበሩ። ከዚያ ርቀት ግን ቴሌቪዥን በቅርበት ሲያሳይ የሚያመልጠኝን ነገር አየሁ፤ መጠበቃቸውን። የወደቀው ቶሎ አይነሣም። ጩኸቱ ከላይኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ ታች ሲወርድ ይሰማዋል፤ ጉልበቱን የሚያጥፈው ያኔ ነው። ሬይንስም ቆሞ ያየዋል፤ ጊዜ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ዳኛው ምንጣፉን ሲመታ ከ70,000 በላይ ሰው አብሮት ቆጠረ፤ ጀርባው ምንጣፉ ላይ ተይዞ እስከ ሦስት የተቆጠረበት ይሸነፋል። ድምፄ ለሦስት ቀን ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ወደ ቤት ተመልሼ ጆይስቲኩን ስይዝ የጎደለው ይኸው መጠበቅ መሆኑ ገባኝ።

ጨዋታው ትግሉን በደንብ ያውቃል። የሚመጣብህን ምት በሦስት ማዕዘኑ ቁልፍ በሰዓቱ ትመልሳለህ። ተከታታይ ምት ሲወርድብህ ደግሞ ተቃዋሚህ ካሬውን፣ ኤክሱን ወይስ ክቡን እንደሚጫን ገምተህ፣ ያንኑ ቁልፍ በመጫን ታቋርጠዋለህ። በዚህኛው ዕትም የተጨመረው፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው በየተራ ቡጢ የሚሰናዘሩበት ክፍልም ልብ ያንጠለጥላል። እኛ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ለማሸነፍ ብቻ ነበር የተጫወትነው። ልጁ ሮጦ የሚሰነዝረው አንድ ምት አገኘና እሱኑ ደጋገመ፤ እኔም ማክሸፊያውን አጠናሁ። ግጥሚያዎቹ አራት ደቂቃ ሳይሞሉ ያልቁ ጀመር። ሰለቸን።

ያዳነን «ሾውኬዝ» የሚባለው ክፍል ነው። የሬስልማኒያን 40 ዓመታት እየጠቀሰ የድሮ ግጥሚያዎችን ያስደግምሃል፤ የታዘዝከውን እንቅስቃሴ ስትፈጽም ስክሪኑ ወደ ዕለቱ እውነተኛ ፊልም ይሻገራል። ከግጥሚያዎቹ አንዱ ራንዲ ሳቬጅና ሪኪ ስቲምቦት እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1987 ሚሺጋን ውስጥ በፖንቲያክ ሲልቨርዶም ያደረጉት ነው። ብዙ ተጫዋቾች «ይህን አድርግ፣ ያን አድርግ» መባሉ ያሰለቻቸዋል። እኔ ለዚህ ግጥሚያ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም፤ ሳቬጅ ራሱ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ጽፎ ከስቲምቦት ጋር ደጋግሞ አጥንቷታልና። ይህንን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና «ታዲያ እኛስ ለምን አንጽፍም?» አለ።

ከዚያ ወዲህ ደብተር አለን። አሸናፊውን አስቀድመን እንስማማለን፤ የት እንደሚወደቅ፣ መቼ ወንበር ለመምቻ እንደሚነሣ እንጽፋለን። እሱ ሬይ ሚስቴሪዮን ይይዛል፣ እኔ አንደርቴከርን። አንድ ቀን ለመጨረስ ስቸኩል «ጋሼ፣ ቆይ፤ ገና ነው። ልውደቅና በሁለት ልነሣ፤ ከዚያ አንተ ተናደድ» አለኝ። ፊላደልፊያን አላየም፤ ያየሁትን ግን አገኘው።

ሥራ አስኪያጅ ሆነህ የራስህን ሳምንታዊ ትርኢት የምትመራበት ክፍልም ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አዳራሹን፣ ማስታወቂያውን፣ የመድረኩን ሠራተኞች በበጀትህ ልክ ትመርጣለህ፤ ኮከብህን በየሳምንቱ ካሰለፍከው ይደክማል፣ ይጎዳልም። ከዋናው ፍልሚያ በፊት ያሉት ትንንሽ ግጥሚያዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ ያስረዳል። ካርድ የሚሰበሰብበትን ክፍል ግን ለልጅ አልመክርም፤ ጥቅል ለመክፈት ገንዘብ እንድታወጣ ይጎተጉትሃል። እኛ ዘግተነዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከመቆጠር ለማምለጥ ቁልፉን ደጋግሞ መምታት ጆይስቲክ ይጨርሳል። የኛ አንዱ በአምስተኛው ወር አልታዘዝ አለ፤ የሸጠልኝ ሱቅም አልቀይርም አለኝ። ሲገዙ ዋስትናውን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በደብተሩ መሠረት አሸናፊው እኔ ነበርኩ። ሚስቴሪዮ ሁለት ጊዜ በሁለት ተነሣ። ሦስተኛው ላይ ጨዋታውን የማትወደው እህቴ የሻይ ማጥለያውን እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጥታ፣ ከሶፋው ጀርባ ቆማ «አንድ! ሁለት!» ብላ ቆጠረች። ልጁ አውራ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ዞር ብሎ አያት።