የሽምብራን ሐኪም ላመስግናት (ቤት ድረስ የምትመጣ የእንስሳት ሐኪም ለምትፈልጉም)

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አለፈኝ። ዛሬ ግን ሳላመሰግናት አላድርም ብዬ ተቀምጫለሁ።

ሽምብራ የልጄ ጃርት ናት። ጃርት ስላችሁ ያቺ የድንች ማሳ የምታወድመው፣ ወስፌ የሚያካክል እሾህ ያላት እንዳትመስላችሁ። ሁለቱንም ጃርት እንላቸዋለን እንጂ ዘመድ እንኳ አይደሉም። ትልቋ ከአይጥ ወገን ናት፣ ይቺ ትንሿ ደግሞ ነፍሳት በሊታ ናት፣ መዳፍ ላይ ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ስትጠቀለል ክብ ስለምትሆን ነው ልጄ ሽምብራ ያለቻት። የሥራ ባልደረባዬ ከአገር ስትወጣ ትታልን ሄደች።

ጥቅምት ላይ እሾኋ መርገፍ ጀመረ። ጠዋት የምትተኛበትን ሳራግፍ አሥር፣ አሥራ አምስት እሾህ አገኛለሁ። ቆዳዋ እንደ ፎረፎር ነጭ ነጭ ይላል፣ ቀንም ሌትም ትታከካለች። በካርቶን ይዘናት የሄድንበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ካርቶኑን ከፍተው አዩና «እኛ ውሻና ድመት ብቻ ነው» ብለው መለሱን። ሌላ ቦታ ደግሞ የከብት መርፌ ግዢና ትንሽ ውጊያት አሉኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ መልስ የለም። ልጄ ካርቶኑን አቅፋ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ስታለቅስ መጣች።

የዶክተሯን ስልክ የሰጠን የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፣ ውሻውን እሷ ናት የምታክምለት። ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ከሜዳ የተያዘች ናት ወይስ ሰው ቤት የተወለደች?» ብላ ነው። ሰው ቤት የተወለደች ናት አልኳት። (እንዲህ ያለችው ጃርት በእኛም አገር በዱር አለች፣ ሜዳ ላይ ያያት ሰው እንዳይነካት ነው የምትመክረው፤ እኔም አደራ እላለሁ።) ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጃርት አክሜ አላውቅም። ሁለት ቀን ስጪኝ፣ አንብቤ፣ የሚያውቁ ሰዎችም ጠይቄ እመጣለሁ።»

እኔ ልቤን የጣልኩባት እዚህ ላይ ነው። የማያውቀውን አላውቅም የሚል ባለሙያ ስፈልግ ነው የከረምኩት። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተምራ፣ የስንት ዓመት ልምድ ይዛ፣ ለአንዲት መዳፍ ለማትሞላ ፍጥረት ቁጭ ብላ ልታነብ ነው።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ቀን ቀን እንደምትተኛ ስላነበበች ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው የመጣችው፣ አራተኛ ፎቅ በእግሯ ወጥታ። መብራቱን ቀንሱልኝ አለች። ሽምብራ ተጠቅልላ እምቢ ስትል አላስገደደቻትም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሷ እስክትፈታ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀቻት፣ ልጄም አጠገቧ ትንፋሿን ውጣ። ሚዛን ላይ 310 ግራም መዘነች። ከቆዳዋ ፍቃ ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየችውና በማግስቱ ደወለች፤ በዓይን የማይታይ ቅንቅን ነበር። መድኃኒቱን በክብደቷ ልክ አስልታ ራሷ ሰጠቻት፣ በየሁለት ሳምንቱም እየተመላለሰች ጨረሰችው። ከጣውላ ቤት ያመጣሁትን የጥድ ሰጋቱራም አስጣለችኝ። ሽታው ለመተንፈሻዋ ጥሩ አይደለም አለች። አሮጌ ብርድ ልብስ ቆራርጠን አነጠፍንላት። አሁን እሾኋ ሞልቷል።

ግን ከሁሉም የማልረሳው የኅዳሩን ሌሊት ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል እንጂ የአዲስ አበባ ብርድ ኅዳርና ታኅሣሥም አይለቅም። መብራት ጠፋ፣ ማሞቂያዋም አብሮ ጠፋ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የነቃሁት ዝምታው ነው የቀሰቀሰኝ፤ ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት የምትሮጥበት መሽከርከሪያ ድምፅ አለ። በስልኬ መብራት ሳያት ግማሽ ተጠቅልላለች፣ ሆዷ በረዶ ነው፣ ሳነሳት እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ሞተች ብዬ ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው መቀስቀስ ነውር መስሎኝ እያቅማማሁ ደወልኩ። ወዲያው አነሳችው። «አትደንግጪ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳትከቻት። ልብስሽ ውስጥ ደረትሽ ላይ አድርጊያት፣ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ጨምረሽ በካልሲ ጠቅልይና አጠገቧ አድርጊ፣ ቀስ እያለች ትሙቅ» አለችኝ። ስልኩን ሳትዘጋ አብራኝ ቆየች። ከደወልኩ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሽምብራ አፍንጫ ተንቀሳቀሰ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዶክተሯ በር ላይ ነበረች።

ያን ቀን ያስረዳችኝን ጃርት ያላችሁ ሁሉ ብትሰሙት ደስ ይለኛል። የአውሮፓዋ ጃርት ስብ አጠራቅማ የብርዱን ወራት ተኝታ ታሳልፋለች። የእኛዋ የአፍሪካዋ ግን ለዚያ አልተፈጠረችም፣ ሲበርዳት እንደዚያ ልትተኛ ብትሞክር ላትነሳ ትችላለች። ያለችበት ቦታ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሳሎናችን በሌሊት እዚያ አይደርስም። አሁን ሙቀቱን የሚቆጣጠር ማሞቂያ ገብቶላታል፣ ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፣ ለመብራት መጥፋትም ሃይላንዱና ካልሲው ሁልጊዜ ዝግጁ ናቸው።

ሌላም ጊዜ አፏ አረፋ ደፍቆ አረፋውን ጀርባዋ ላይ ስትቀባ አየሁና የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብዬ ልጄን ክፍል ዘጋሁባት። ቪዲዮ ላኩላት። ጃርት አዲስ ሽታ ሲያገኛት የምታደርገው ነው፣ ጤነኛ ናት አለችኝ፣ ግን በመጠየቅሽ ጥሩ አደረግሽ ብላ። ልጄ ሽምብራን መሳም ትወድ ነበር። ዶክተሯ ሳትቆጣ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ጃርት ሳትታመም ሰው ሆድ የሚያሳምም ጀርም ልትይዝ እንደምትችል ነገረቻት። ከነካሻት በኋላ እጅ በሳሙና፣ መሳም ግን የለም። እኔ ስንት ጊዜ ብዬ ያልሰማችኝን ከእሷ አንዴ ሰማች።

ወተት ሰጥታችኋት ከሆነ አቁሙ፣ ሆዷ አይችለውም። የድመት ደረቅ ምግብ ነው የምትበላው፣ የተቀቀለ እንቁላልና ጨው ያልነካው ዶሮ ይጨመርላታል። እማዬ በገና ጾም እንኳ ለእሷ ብቻ በትንሽ ድስት ዶሮ ትቀቅልላት ነበር። እንስሳ ሲጀመር አትወድም፤ ዶክተሯ የሽምብራን ልብ በማዳመጫ ካሰማቻት በኋላ ነው የተለወጠችው።

ዋጋዋን ለሚጠይቅ፣ እኛን ቤት ድረስ መጥታ 1,200 ብር ነው ያስከፈለችን፣ መድኃኒቱ ለብቻ። ለዚያ ሌሊት ስልክ ምንም አልተቀበለችም፣ ብለምናትም እምቢ አለች።

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ትመጣለች። ውሻና ድመት የዘወትር ሥራዋ ነው፣ ጥንቸልና ወፍ ያላችሁም አትፍሩ። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት እንስሳውን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፣ አጭር ቪዲዮም አንሱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።