ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊ ግራም፦ የመጀመሪያውን ወር ማለፍ ነው ቁም ነገሩ

ለድብርት ሕመም በአገራችን የጤና ተቋማት በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ነባሩ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ይገኙበታል። በእኛ ግምት ለአብዛኛው አዋቂ ታካሚ ፍሉኦክሰቲን ይሻላል። አሚትሪፕቲሊን ያደነዝዛል፣ አፍና ሆድ ያደርቃል። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙ ፍሬ በአንዴ ከተዋጠ የልብ ምት አዛብቶ ሊገድል መቻሉ ነው። ሞትን የሚመኝ ሰው ባለበት ቤት የወር መድኃኒት ማስቀመጥ ያስፈራል። ፍሉኦክሰቲን በዚህ ረገድ አደጋው በጣም ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ከታዘዘው በላይ የዋጠ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ትልቁ ድክመቱ ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ መዘግየቱ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣትና መቁነጥነጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳሉ። ስሜቱ ግን መሻሻል የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በቂ ለውጥ አለ ወይስ የለም ለማለት 6 ሳምንት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። «ጭራሽ አባሰብኝ» ብሎ በአሥረኛው ቀን መድኃኒቱን የሚጥል ታካሚ ብዙ ጊዜ ይህን የነገረው የለም። ይህ የታካሚው ሳይሆን የአዛዡና የፋርማሲው ጥፋት ነው። ለውጡን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ ነው፤ «ራሴን ያቃጥለኛል» እያለ የተኛው ሰው ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ከገበታ ይቀርባል፣ እሱ ግን ገና «ምንም አልተሻለኝም» ይላል።

አወሳሰዱ ቀላል ነው። በቀን አንድ ካፕሱል፣ እንቅልፍ እንዳይነሳ ጠዋት። አረጋውያንና በቀላሉ የሚረበሹ ሰዎች በ10 ሚሊ ግራም ቢጀምሩ ይመረጣል፤ ካፕሱሉ ስለማይከፈል ሐኪሙ ባለ 20 ሚሊ ግራሙን አንድ ቀን እየዘለለ እንዲወሰድ ሊያዝ ይችላል። ይህ የሚሠራው መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ስለሆነ ነው። በዚሁ ምክንያት ጾም አያስቸግርም፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም 9 ሰዓት ላይ፣ በረመዳን የሚጾም በሱሑር ሊውጠው ይችላል። ፀበል ለመግባት ብሎ ማቋረጥም አያስፈልግም። አንድ ቀን ከተረሳ በማግስቱ ሁለት መዋጥ የለም።

ያለ ሐኪም ከፋርማሲ ገዝቶ መጀመርን አጥብቀን እንቃወማለን። ቀደም ሲል እንቅልፍ ሳያሻው ቀናት ያሳለፈ፣ ያለ ቅጥ ገንዘብ የበተነና ያለማቋረጥ ያወራ ሰው ሕመሙ ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት ሕመም) ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ፍሉኦክሰቲን ብቻውን ሲሰጥ ወደ እብደት ሊገፋው ይችላል። ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊበረታ ስለሚችል ቤተሰብ በቅርብ ይከታተል። ለምታጠባ እናት ሰርትራሊን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት ይመረጣል። ፍሉኦክሰቲንን ትራማዶል ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር መቀላቀል የሚጥል በሽታና አደገኛ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ለወገብ ሕመም ተብለው የሚዋጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲወሰዱ የጨጓራ መድማት አደጋን ያባብሳሉ።

ፍሉኦክሰቲን ሰው አፍሮ የማይናገረው ሌላ ጉድለት አለው፦ የወሲብ ፍላጎትና እርካታ ይቀንሳል። ይህ እንደሌሎቹ በሁለት ሳምንት አይለቅም፤ ብዙ ባለትዳሮች ሳይናገሩ የሚያቋርጡት በዚህ ነው። መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር ብዙ ጊዜ ይስተካከላልና ለባለሙያው ይንገሩ።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ የምክር አገልግሎት ይቅደም፤ ከበድ ካለም መድኃኒቱ ከምክር ጋር ሲሄድ ውጤቱ ይሻላል። ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር መቀጠል ይገባል፤ በሁለተኛው ወር «ድኛለሁ» ብለው ያቆሙት ዘንድ ሕመሙ በቀላሉ ያገረሻል። የማቆሚያው ጊዜ ሲደርስም ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።